ወንበር ላይ የምትሰግደው እህታችን



ውድ እህት ወንድሞቼ፣ የዛሬ ጁሙዓ መልእክቴ ስለ አንገት ነው። አዎ፣ ስለ አንገት።

አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። የምነግራችሁ በፈቃዷ ነው። ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነች። የታይሮይድ ዕጢዋ ሥራው ስለቀነሰ ሁለት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ስትወስድ ቆይታለች። አንገቷን ማጎንበስ ያማታል፤ ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿና ጉልበቷ ተሳስረው ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የተባለው ለእኔ ነው» ብላ ቀልዳለች። የቀጠለው ግን ቀልድ አልነበረም። መስጂድ ወንበር ላይ ስትሰግድ አንዲት እናት «በዚህ ዕድሜሽ?» አሏት። ከዚያ ወዲህ መስጂድ አልሄደችም። ሌላዋ ደግሞ «ኢማንሽ ቢጠነክር ኪኒን ባላስፈለገሽ» ስላለቻት መድኃኒቱን ለሦስት ሳምንት አቁማዋለች።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። መድረሳ እያለሁ ወንበር ላይ የሚሰግድ እኩያዬን አይቼ በልቤ «ሰነፍ» ብየዋለሁ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ተለያየን።

በአንገታችን ፊት ለፊት የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ትንሽ ዕጢ አለች። የምታመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይደክማል፣ ይበርደዋል፣ ይወፍራል፤ ጡንቻና መገጣጠሚያውም ይታመማል። ስለዚህ ለሱብሒ መነሳት ያቃተውን ሁሉ ሸይጧን አስሮት ነው አትበሉ። (የአንገት ሕመም ሁሉ ከታይሮይድ ነው ማለትም አይደለም፤ ከአከርካሪ አጥንት ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ይታይ።)

ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ኪኒን ዕጢዋ ማምረት ያቃታትን ያንኑ ሆርሞን ይተካል። ችግሩ ሲያቆሙት ወዲያው አለመታወቁ ነው። ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው «ይኸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ» ይላል። ከሳምንታት በኋላ ድካሙ ይመለሳል። ጥቁር አዝሙዱንም፣ ማሩንም፣ ሩቅያውንም አልቃወምም፤ በረካ አላቸው። ግን «ኪኒኑን ተይውና ይህን ውሰጂ» የሚል ሰው ያለ ዕውቀት እየፈረደ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ከእሳቸው በላይ ተወኩል ያለው ማን ነው?

ወደ ሶላቱ ልምጣ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ኪንታሮት ያማቸው ነበር። ስለ ሶላት ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካቃታቸው በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። ቡኻሪ ዘግበውታል። ዕድሜ አልተጠየቀም። እህቴ፣ መቆም ከቻልሽ ቁሚ፤ ግንባርሽን መሬት ማድረስ ካቃተሽ ተቀምጠሽ በምልክት ሱጁድ አድርጊ፣ ከሩኩዑ ትንሽ ዝቅ በይ። በሰላምታ ጊዜ አንገትሽ የሚዞርልሽን ያህል ይበቃል።

ረመዷንን በተመለከተ፣ ኪኒኑ በቀን አንዴ በባዶ ሆድ የሚወሰድ ስለሆነ ከሱሑር ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በፊት መነሳት ይቻላል፤ ወይም ከእራት ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በመኝታ ሰዓት። ከሐኪምሽ ጋር ተማከሪ። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ደግሞ አራት ሰዓት ይራቀው። ቡናም ይጠብቅ፤ ጠዋት ቡና የሚቀድምባችሁ ቤቶች አደራ! ጾሙ ራሱ ከጎዳሽ ግን አላህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣትን ፈቅዷል።

ሙስሊም በዘገቧቸው ሐዲሶች የሰው ልጅ 360 መገጣጠሚያ አለው፤ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ሰደቃ አለበት፤ ሁለት ረከዓ ዱሓ ደግሞ ያንን ሁሉ ያብቃቃል። እነዚህን ሐዲሶች ለዓመታት ሳስተምር 360 ለእኔ ቁጥር ብቻ ነበር። እህታችን ጣቶቿን አንድ በአንድ እየፈታች ውዱእ እንደምታደርግ ስትጽፍልኝ ነው ቆም ብዬ የእኔን ጣቶች ያየሁት። እሷ ዱሓን ወንበሯ ላይ ሆና ትሰግዳለች። እኔ ያን ሳምንት አንድም ቀን አልሰገድኩም ነበር።

ዛሬ ከኹጥባ በፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት ብታዩ ምን እንደሆነ አትጠይቁት። ሰላም ብላችሁት አጠገቡ ተቀመጡ። እህቴ፣ አንቺም ዛሬ ነይ።

አላህ ሆይ፣ ሕመምተኞቻችንን አሽራቸው፣ ሕመማቸውንም የወንጀል ማበሻ አድርግላቸው። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ