የማይታዘዝ አንጀትና የንጽሕና ጥያቄ

«መጸዳዳት» የሚለው የአማርኛ ቃል የወጣው «ጸዳ» ከሚለው ነው። ሰገራን የማስወገድ ተግባር መንጻት ተብሎ ተሰይሟል ማለት ነው። ስያሜው ለጨዋነት የተመረጠ ቢሆንም ከኋላው አንድ ከባድ ጥያቄ ያስከትላል፤ መጸዳዳት የማይሆንለት፣ አንጀቱ በራሱ ጊዜ የማይራገፍለት ሰው ንጹሕ አይደለም ማለት ነው? ትልቁ አንጀታቸው ወጥቶ በምትኩ ከረጢት የተሠራላቸው ሰዎች ይህን ጥያቄ ይዘው ይኖራሉ። ቅዳሴ ሲገቡ፣ ሲጾሙ፣ ለቁርባን ሲዘጋጁ ይመጣባቸዋል።

ከረጢቱ ጄ-ፓውች ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ትልቁ አንጀት በቁስለትና በብግነት ሲጎዳ ወይም በዘር የሚወረስ እባጭ ወደ ካንሰር እንዳይለወጥ ሲፈራ ነው። ሐኪሙ ትልቁን አንጀትና ደንዳኔውን ያወጣል፤ የፊንጢጣን መቋጠሪያ ጡንቻ ግን ይተወዋል። ከዚያ የቀጭኑን አንጀት መጨረሻ አጥፎ፣ ጎን ለጎን ሰፍቶ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ማጠራቀሚያ ያበጅለታል። ደህና የሚሠራ ከረጢት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ሌሊት ደግሞ አንዴ ያህል ይራገፋል።

እንግሊዛውያኑ አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ይፋ ያደረጉት የመጀመሪያው ከረጢት ሦስት እጥፍ ነበር። መውጫው ረጅም በመሆኑ ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ያለ ቱቦ መጸዳዳት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1980 ጃፓናዊው ጆጂ ኡትሱኖሚያ መውጫውን አሳጥሮ፣ እጥፉንም ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ የዛሬውን ቅርጽ አመጣ፤ ችግሩም በእጅጉ ቀነሰ። ይህ ታሪክ ለጥያቄው ይጠቅማል። እነዚያን ሰዎች ቱቦ ላይ ያዋላቸው የጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው። የፈቃድ ድክመት ወይም የኃጢአት ምልክት የሚባል ነገር በመካከሉ የለም።

ዛሬም አልራገፍ የሚሉ ከረጢቶች አሉ። ስፌቱ ያረፈበት ቦታ ይጠብባል፤ ከረጢቱ ይጠመዘዛል፣ ይንሸራተታል ወይም ከልክ በላይ ይሰፋል፤ አልፎ አልፎም ሳይቆረጥ የቀረ የደንዳኔ ቁራጭ እንቅፋት ይሆናል። ለሐሳብ በጣም የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው። የዳሌ ወለል ጡንቻ ሊላላ በሚገባው ሰዓት ይጠብቃል። ሰውየው ያምጣል፤ ባማጠ ቁጥር በሩ ይበልጥ ይዘጋል። ሰው ሌላውን ጭንቅ ሁሉ በብርታት ማሸነፍን ተምሮ አድጓል። እዚህ ግን ብርታቱ ራሱ ጠላት ይሆንበታል፤ መፍትሔው ጡንቻን ማላላትን እንደ ሕፃን እንደገና መማር ነው። ለዚህ በመሣሪያ እየታገዘ የሚሰጥ ልምምድ አለ። የጠበበውን ስፌት ሐኪም ያሰፋዋል። ለሌላው ለስላሳ ቱቦ አስገብቶ፣ በጥቂት ለብ ያለ ውኃ አቅጥኖ ማውጣት ይቻላል። ይህን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እያደረጉ ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው።

በጎጃም ደጋ ይህ ቀዶ ጥገና ብዙ የሚታወቅ አይደለም። የችግሩ የቅርብ ዘመድ ግን በደንብ ይታወቃል፤ እርሱም የአንጀት መጠምዘዝ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ለአንጀት መዘጋት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሆዱ ተነፍቶ የመጣ ገበሬ ሆስፒታል ደርሶ የሞተው አንጀት ከተቆረጠለት በኋላ ሰገራው በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እየወጣ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአምበር ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች እንዲህ ያለ ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ሌላ ጭንቀት ይጀምረዋል። ቤተ ክርስቲያን ይግባ ወይስ ከቅጥሩ ውጭ ይቁም? ብዙዎች ማንም ሳይከለክላቸው ራሳቸውን ይከለክላሉ። ቱቦ የሚጠቀመው ባለ ከረጢትም፣ ሆዱ ላይ ቀዳዳ የተከፈተለት ገበሬም እኩል የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነው።

የፍርሃቱ ሥር ጥንታዊ ነው። ኦሪት ዘዳግም 23 እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል ይሄዳልና ሰው ከሰፈር ውጭ ወጥቶ፣ ቆፍሮ፣ ዓይነ ምድሩን እንዲከድን ያዛል። ትእዛዙ ልብ ተብሎ ሲነበብ ነውሩን ያኖረው ሳይከደን በቀረው ነገር ላይ ነው፤ የወጣው ሰው ግን ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። የአይሁድ ሊቃውንት ከዚህ አልፈው ሄደዋል። በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ አባዬ ለተባለ መምህር የሚሰጥ፣ ሰው ከተጸዳዳ በኋላ የሚደግመው ምስጋና አለ፤ ሰውን በቀዳዳዎችና በባዶ ዕቃዎች በጥበብ የሠራውን፣ አንዱ ቢዘጋ ወይም ቢከፈት መቆም እንደማይቻል የሚያውቀውን አምላክ ያመሰግናል። ቱቦ ይዞ ለሚኖር ሰው ከዚህ ይበልጥ የሚገባ ጸሎት ማግኘት ያስቸግራል።

በወንጌልም ጌታ ወደ አፍ የሚገባው ወደ ሆድ አልፎ ወደ ውጭ እንደሚጣል፣ ሰውን የሚያረክሰው ግን ከልብ የሚወጣው እንደሆነ ተናግሯል። ማቴዎስ 15ን ለዚህ ጉዳይ በግልጽ የተጠቀመበት ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ያልሆነ አባት ነው። የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላከው፣ አሞን ለተባለ መነኩሴ በጻፈው ደብዳቤ በተፈጥሮ ከሥጋ የሚወጣ ነገር ኃጢአትም ርኵሰትም እንደሌለበት ይከራከራል። ንፍጥንና ምራቅን ካነሣ በኋላ ከሆድ የሚወጣውንም አብሮ ይቆጥራል። ሰውን የፈጠረ እግዚአብሔር ከሆነ ሥራው እንዴት ርኩስ ይሆናል የሚል ነው ሙግቱ። በድንገት ሆዱ ለተላወሰበት ምእመን ይህ ደብዳቤ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ያለ ምክንያት ከደጅ የቆሙት ሰዎች ሳያውቁት መቅረታቸውም ያሳዝናል።

ተቃራኒው አሳብ ወዴት እንደሚያደርስም ታሪክ ያሳያል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው መምህር ቫለንቲኖስ ኢየሱስ ይበላና ይጠጣ ነበር፣ ነገር ግን አይጸዳዳም ነበር ብሎ ማስተማሩን የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ጽፎ አቆይቷል። ከሰገራ የሸሸ ሃይማኖት በመጨረሻ ከሥጋ ይሸሻል። ቤተ ክርስቲያን በዚያ መንገድ አልሄደችም፤ ቃል ሥጋ ሆነ ስትል ሥጋው የተራበና የደከመ፣ የእኛው ሥጋ መሆኑን ይዛለች። የጎጃም ሊቃውንት በቅባትና በተዋሕዶ ለዘመናት ሲሟገቱ እንኳ በሁለቱም ወገን የቃል ሥጋ መሆን የተያዘ ነገር ነበር።

ጾም ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከቀጭኑ አንጀት የተረፈውን ውኃና ጨው የሚመጥጠው ትልቁ አንጀት ነው፤ እርሱ የሌለው ሰው ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆይ ቶሎ ይደርቃል፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን የተዉትን ሲገሥጽ በሥጋ ድካም የታገዱትን ለይቶ አውጥቷቸዋል። ስለዚህ ለንስሐ አባት «ሆዴን ያመኛል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ትልቁ አንጀት እንደወጣ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጡ፣ ቱቦ እንደሚጠቀሙ ሳያፍሩ መናገር ይገባል፤ ካህኑ ፍርዱን የሚሰጠው በሰማው መጠን ነውና። ምግብም እንዲሁ ነው። በደንብ ያልታኘከ ቆሎና የበቆሎ እሸት ጠባብ መውጫ ላይ ሊከማች ይችላል፤ ሽሮና በደንብ የበሰለ ምግብ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ጠበል ለሚወስድ ሰውም የሚነገር አለ። ሆዱ ከተነፋ፣ ፈስ እንኳ ከቆመ፣ ካስመለሰው፣ ያ የአንጀት መዘጋት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ያኔ በብዛት መጠጣት አደጋ አለው። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ይህ የእምነት መጉደል ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን እንደበደለ ሲጠይቁ ጌታ ጥያቄያቸውን አልተቀበለውም፤ በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባው።

የቀረው የቦታ ጉዳይ ነው። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ መውጫውን ስለሚያቀና የአገሩ ጉድጓድ ሽንት ቤት በዚህ በኩል ይረዳል። የሚጎድለው የሚዘጋ በር፣ ውኃና ጊዜ ነው። አንድ ሃይላንድ ለብ ያለ ውኃ፣ ንጹሕ ቱቦና ሳሙና የያዘ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባሻገር ሩብ ሰዓት የሚቆይበት ቦታ ካገኘ፣ እጁን ታጥቦ ቅዳሴው ሳያልቅ ወደ ቆመበት ይመለሳል።