በህልም የመጣ ዕዳ

ሟች አባቴ በህልሜ መጥቶ ለአንድ የጂንካ ነጋዴ 400 ብር እንዳልከፈለ ነገረኝ። ዕዳ ሟችን እንዴት እንደሚይዝ የሚያውቅ ሙስሊም ከዚህ በኋላ እንቅልፍ ይወስደዋልን?

በ505 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ገዛሊ ከባድ ጥያቄ አንስተዋል። ህልመኛ እስኪነቃ ድረስ ያየውን ሁሉ እውን ነው ይላል፤ ታዲያ የኛ ንቃትስ ከሌላ ንቃት አንጻር ህልም አለመሆኑን በምን እናውቃለን? ጥያቄው ያስደነግጣል፤ የአባቴን ሒሳብ ግን አይዘጋልኝም።

ህልም ለሸሪዓ ፍርድ ማስረጃ አይሆንም። እርግጥ ሣቢት ኢብኑ ቀይስ (ረ.ዐ.) በየማማ ጦርነት ሸሂድ ከሆኑ በኋላ በአንድ ሰው ህልም መጥተው የተሰረቀ ጥሩራቸው የት እንደተደበቀ መናገራቸው፣ አቡበክርም (ረ.ዐ.) ኑዛዜያቸውን መፈጸማቸው ይተረካል። ግን ልብ በሉ! ጥሩሩ ተፈልጎ በተባለው ቦታ ተገኝቷል። ህልሙን ያጸናው በንቃት የታየው ነገር ነው።

እኔም ቅዳሜ፣ ገበያው ከአሪ መንደሮች በመጡ ሰዎች በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አዛውንቱ የዱቤ ደብተራቸውን አገላብጠው፣

«ልጄ፣ የአባትህ ስም የለም» አሉኝ።

«ሳይጻፍ ቀርቶ ቢሆንስ?»

ብሩን ወደኔ ገፉት። «እንግዲያው ካለም አውፍ ብየዋለሁ» አሉ።

ወላሁ አዕለም።