መንገዱን የሚነድፈው ማን ነው?

በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ አውራጃ፣ የግሬት ባርድፊልድ መንደር ሠዓልያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954፣ በ1955 እና በ1958 የቤታቸውን በር ለሕዝብ ከፍተው ነበር። ኤድዋርድ ባውደንንና ጆን ኦልድሪጅን ከመሳሰሉት ከያንያን ደጅ በሺህ የሚቆጠር ተመልካች ደረሰ፤ ሥዕልም በተሠራበት ቤት ታየ።

ዛሬ ልማዱ በብዙ የእንግሊዝ ገጠሮች ሥር ሰድዷል። ከስቱዲዮ ወደ ስቱዲዮ የሚመራው ካርታ ግን የማሳተሚያ ገንዘብ ይሻል። የአካባቢው ነጋዴ ወጪውን ሲሸፍን ስሙ ከካርታው ግርጌ ይታተማል። ይህ ጥበብን ያረክሳልን? ስሙ በግልጽ ከተጻፈ ተመልካቹ መዝኖ ይፈርዳል፤ ይልቅስ የሚያሠጋው ስሙን የሠወረ ለጋስ ነው።

ፈተናው የሚመጣው መንገዱ ሲነደፍ ነው። ጉዞው በነጋዴው ሱቅ ደጅ እንዲያልፍ ሲጣመም፣ ከኮረብታው ማዶ ብቻዋን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ «ሩቅ ናት» ተብላ ስትቀር፣ ገንዘቡ ከወረቀት የበለጠ ነገር ገዝቷል። (ሠዓሊውም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም፤ እንግዳ ይመጣል ብሎ ያላለቀውን ሥራ አውርዶ ለሳሎን የሚስማማውን ሲሰቅል ማንም አላዘዘውም።) የሸክላ ሠሪዋን ቤት ለማስገባት አንድ ገጽ መጨመር ቢያስፈልግ፣ ነጋዴው የዚያን ገጽ ዋጋ ይከፍላልን? አዘጋጆቹስ ካርታው ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ይህን ሊጠይቁት ይደፍራሉን?