የባቡሩ ጎታች ማነው?

«ባቡር» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከሩቅ አገር ነው። ሥሩ በደቡብ አውሮፓ ቋንቋዎች «እንፋሎት» ማለት ሲሆን፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በዐረብኛ አንደበት ተገርቶ እኛ ዘንድ ደርሷል። ቀደምቶቻችን ታዲያ ስሙን ለሐዲድ ተጓዡ ብቻ አልሰጡትም። እህል የሚፈጨው ሞተር «የእህል ባቡር» ተባለ። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሠራው የመንገድ መዳመጫም በአዲስ አበባ ሕዝብ አፍ «የሰርኪስ ባቡር» ሆኖ ቀረ። ያለ ሰውና ያለ ከብት ጉልበት በገዛ ኃይሉ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ሁሉ ባቡር ነበር። ለመሆኑ በገዛ ኃይሉ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ በታሪክ ውስጥ ኖሮ ያውቃልን? ወይስ ከእንፋሎቱ በስተጀርባ ዓይናችን ያላረፈበት ሰው ነበረ? ነገሩ ላይ ላዩን የመካኒክ ጉዳይ ይመስላል፤ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን የሥነ ምግባርና የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄውን ለማንሣት ምክንያት የሆነን በውጭው ዓለም ብዙ አንባቢ ያፈራ አንድ የልብ ወለድ ዓይነት ነው። «ስቲምፓንክ» ይባላል፤ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው አሜሪካዊው ደራሲ ኬ. ደብልዩ. ጂተር ነው። የዘርፉ ደራሲያን አብዝተው የሚመርጡት ዘመን 19ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ላይ ዘመኑ ያላያቸውን መሣሪያዎች ይጨምሩበታል። በእንፋሎት የሚበር መርከብ፣ ፍም እየጎረሰ የሚራመድ የብረት ሰው፣ በነሐስ መዘውር የሚያሰላ ሳጥን በገጾቻቸው ላይ ሕይወት ያገኛሉ። ይህ ዓለም በሲኒማ ቤቶቻችን ለብዙ ዓመታት ካየነው የካውቦይ ታሪክ ጋር ሲጋባ፣ ሜዳው የአሜሪካ ምዕራብ፣ ሰዎቹም ወርቅ ፈላጊው፣ ሽፍታውና ሕግ አስከባሪው ይሆናሉ።

የዚህ ጋብቻ የበኩር ልጅ የተወለደው ስያሜው ከመውጣቱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ኤድዋርድ ኤሊስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1868 በሰፊው ሜዳ ላይ ስለሚሮጥ የእንፋሎት ሰው የሚተርክ አነስተኛ ልብ ወለድ አሳተመ። አካሉ የተጎዳ አንድ ብላቴና የፈለሰፈው የብረት ሰው ጋሪ እየጎተተ ወርቅ ፈላጊዎችን ወደ ምዕራብ ይወስዳል። የምድሪቱ ነባር ሕዝቦች በታሪኩ ውስጥ የተሰጣቸው ድርሻ መደንገጥ፣ ማድባትና መሞት ነው፤ በመጨረሻም የብረቱ ሰው የፈነዳው በእነርሱ መካከል ነው።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ኤልዛቤት ቤር እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመችው «ካረን ሜሞሪ» በተሰኘው ልብ ወለድ ተራኪዋ በአንድ የወደብ ከተማ በሴተኛ አዳሪነት የምትተዳደር ወጣት ናት። በዙሪያዋ ሕንዳዊት፣ ቻይናዊት፣ የኮማንቼ ተወላጅና ጥቁር አሜሪካዊ አሉ። ጥቁሩ ሕግ አስከባሪ ባስ ሪቭስ በእውነት የኖረ ሰው ነው፤ በባርነት ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሕግ አስከባሪነት አገልግሏል። በታሪኩ ውስጥ ኃይል ከሚሰጡት መሣሪያዎች አንዱ ደግሞ መድፍ ሳይሆን፣ ሰው እንደ ጥሩር የሚለብሰው ግዙፍ የስፌት መኪና ነው። የስፌት መኪና የድሃ ሴት እንጀራ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ምርጫው ብዙ ይናገራል።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚነቅፉ ሰዎች ሁለት ክስ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ ያልነበረ መሣሪያ ለነበረ ዘመን መስጠት በታሪክ ላይ መዋሸት ነው የሚል ነው። ይህ ክስ ለመመለስ አያስቸግርም። ውሸት የሚሆነው ሐሰቱን እውነት ነው ብሎ ማሳመን ሲፈለግ ነው፤ የብረት ሰው ሜዳ ላይ ሲሮጥ ያነበበ ግን ነገሩ ደርሷል ብሎ አይመሰክርም። ደራሲው ያልነበረውን የሚያመጣው የነበረውን አጉልቶ ለማሳየት እስከሆነ ድረስ የሚፈጽመው ተግባር የኪነ ጥበብ ጥንታዊ ተግባር ነው።

ሁለተኛው ክስ ይከብዳል። ከየሕዝቡ አንዳንድ ሰው እየቆጠሩ በመጽሐፍ ውስጥ ማስቀመጥ ፍትሕ ነውን? ለዚህ የመድረክ ሰዎች ከሥራችን የምናመጣው ምስክር አለን። የተውኔት ተዋንያን ዝርዝር ሲጻፍ ንጉሡ፣ ንግሥቲቱና የጦር አለቃው በየስማቸው ይሰለፋሉ፤ ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ «ሕዝብ፣ ወታደሮች፣ አሽከሮች» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። የእነዚህን ሰዎች ቁጥር ከአምስት ወደ ሃምሳ ብናሳድግ፣ የየብሔረሰቡንም ልብስ ብናለብሳቸው፣ ተውኔቱ በዚህ ብቻ የእነርሱ አይሆንም። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ «እኔ አልሄድም» ባለ ጊዜ ግን የመድረኩ ሚዛን ይለወጣል፤ ንጉሡ ራሱ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሌላ ንጉሥ ይሆናል። እንግዲህ መመዘኛው የመልክ ብዛት ሊሆን አይችልም። አንድ ገጸ ባሕርይ ሰው ነው የሚባለው የሚመኘው ነገር ሲኖረው፣ የሚወስነው ጉዳይ ሲኖረው፣ እንደ ሌላው ሁሉ መሳሳትም ሲፈቀድለት ነው።

ይህን መመዘኛ በራሳችን ታሪክ ላይ እንሞክረው። ኤሊስ የእንፋሎት ሰውን ባሳተመበት በዚያው በ1860 ዓ.ም. አገራችን አንድ ታላቅ የብረት ሥራ በመቅደላ አምባ ላይ አስቀምጣ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀለጠው «ሴባስቶፖል» መድፍ ክብደቱ ሰባ ኩንታል ገደማ ነበር። የሠሩት እነ ቫልድማየር ከባዝል አካባቢ በሚስዮናዊነት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ጋር ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃል ነበረ። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ቀለጡ። ከአጠገባቸው ወናፍ የነፉ፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ሸክላ ያቦኩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የልዩ ልዩ ሕዝቦች ስብስብ፣ እሳት፣ ብረትና በተራሮች ላይ የሚደረግ ጉዞ፤ ልብ ወለዱ የሚፈልገው ሁሉ በቦታው ተሟልቶ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ እንፋሎቱ። ስለዚህ መድፉ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለወራት የተጓዘው በሰው ትከሻና ክንድ ነው። የአሜሪካው የእንፋሎት ሰው በወረቀት ላይ ጋሪ ሲጎትት፣ የእኛ ሰዎች በእውነተኛው ገደል ላይ ብረት ይጎትቱ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ጉዞ መንገድ ሲጠርጉና ድንጋይ ሲፈነቅሉ በዓይን ምስክሮች ታይተዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰውተው በዚያው አምባ ላይ ወደቁ። ታላቅነታቸውን የምንቀንስበት ምክንያት የለም፤ ጸሐፊዎቻችንና ባለቅኔዎቻችንም ደጋግመው ዘክረዋቸዋል። የባዕዳኑ ባለሙያዎች ስም ተጽፎ ቀርቷል። መድፉም ስም አለው። ስም የሌለው ጎታቹ ነው። ለብረቱ ስም አወጣንለት፤ ብረቱን ለተሸከመው ሥጋ ግን አላወጣንለትም። ከመቶዎቹ መካከል በልቡ ንጉሡን እያፈቀረ የጎተተ ይኖራል፤ ርስቱ ተዘርፎበት እየረገመ የጎተተም ይኖራል፤ ሌሊት ተነሥቶ የጠፋም ይኖራል። ታሪክ ጸሐፊው ያለ ማስረጃ የእነዚህን ሰዎች ልብ ሊተርክ አይችልም። ልብ ወለድ የሚጠራው እዚህ ላይ ነው።

ከመቅደላ ወደ ሸዋ ስንሻገር ጥያቄው ሌላ ገጽታ ይይዛል። ከእንጦጦ ማርያም ቅጥር ቁልቁል የሚመለከት ሰው በአንድ እይታ የዘመናዊት ኢትዮጵያን መነሻ ያያል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚች ቤተ ክርስቲያን ነው። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ውል በ1886 ዓ.ም. የተቀበለው ከእኚሁ ንጉሥ ነው። ጠመንጃ የሚሸጠው አርመናዊ፣ ድንጋይ የሚጠርበው ሕንዳዊና ግሪካዊ ወደዚህ አካባቢ መጥተዋል። የካውቦይ ታሪክ ጸሐፊ በዚህ ኮረብታ ላይ ቢቆም የሚጎድለው ገጸ ባሕርይ የለም።

ይሁን እንጂ የካውቦይ ታሪክ ትልቁ ኃጢአት ሰው ያለበትን ምድር ባዶ ሜዳ ማለት ነው። በኮረብታው ግርጌ ያለው ሰፈር «ጉለሌ» የሚል ስም አለው፤ ጉለሌ ደግሞ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነው። ስሙ ራሱ ይህ ምድር ከከተማው በፊት ባለቤት፣ ከብት፣ መቃብርና ዘፈን እንደነበረው ይመሰክራል። ስለ እንጦጦ የሚጻፍ ልብ ወለድ ዘውዱን፣ መሐንዲሱንና ነጋዴውን አሳይቶ የጉለሌውን ሰው በሩቅ እንደሚታይ ጥላ ቢያልፈው፣ ከኤሊስ መጽሐፍ የሚለየው በገጸ ባሕርያቱ የቆዳ ቀለም ብቻ ይሆናል። ደግሞም ይህን ሰው እንደ ንጹሕ በግ አድርጎ ማቅረብ ሌላው የማሳነሻ መንገድ ነው። እርሱም ይደራደራል፣ ይዋጋል፣ ይዋዋላል፣ ከጎረቤቱ ይጣላል። ሰው ማድረግ ማለት ይህን ሁሉ መስጠት ነው።

እንጦጦ ሌላም ምስክር አላት። የመዲናይቱ ማገዶ ሲመናመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መዝጊያ ገደማ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ኮረብታውን አለበሰው። ከተማዪቱም በእርሱ ምክንያት ከስደት ዳነች ይባላል። ዛፉን ያመጡት ሰዎች ማንነት ይጠናል፤ ይከራከሩበታል። ነገር ግን ያን ማገዶ ከዳገቱ አውርዶ ወደ ከተማዪቱ ምድጃዎች ያደረሰው ማነው? ለአሥርት ዓመታት ከገዛ ክብደታቸው ጋር የሚወዳደር ጭነት በጀርባቸው አዝለው የወረዱ ሴቶች ናቸው። አዲስ አበባ እንጀራዋን የጋገረችበት እውነተኛው ሞተር የእነዚህ ሴቶች ወገብ ነበር። ያለ ቦይለርና ያለ ጢስ የሠራ ሞተር ስለሆነ «ባቡር» ብሎ የጠራው አልተገኘም።

የሐዲዱ ነገርም ከዚህ አይለይም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋ በሐዲዱ የተወለደች ከተማ ናት፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና ፈረንሳዩ በአንድ ፉጨት የሚነቁባት ከተማ ነበረች። የአሜሪካ ምዕራብ ደራሲያን በምናብ ሊፈጥሯት የሚደክሙላት ዓይነት ከተማ እኛ በእውን ነበረችን። ሆኖም ሐዲዱ የተዘረጋበት በረሃ የግጦሽ መሬት ነበር፤ ግመል ነጂውም በባቡሩ ምክንያት ኑሮው ተነክቷል። በግንባታው ዓመታት የተነሡት ግጭቶች የዚህ ቅራኔ ውጤት ናቸው። ባቡሩን የሥልጣኔ ብርሃን፣ ግመል ነጂውን የጨለማ ወታደር አድርጎ መጻፍ ይቀላል። ሁለቱም ትክክለኛ ምክንያት ይዘው ሲጋጩ ማሳየት ግን የበሰለ ብዕር ይጠይቃል፤ አሳዛኙ ተውኔት የሚፈልቀውም ከዚያ ነው።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ሸክም ለአንድ የመዝናኛ መጽሐፍ አይበዛበትምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መዝናኛ ግን ባዶ ዕቃ አይደለም። ልጅ በጨዋታ መካከል ማን ጀግና፣ ማን ጠላት፣ ማንስ ከቁጥር የማይገባ እንደሆነ ይማራል። የካውቦይ ፊልም አይተው ሲወጡ በየሰፈሩ ካውቦይ መሆን የተመኙ፣ ሕንድ መሆንን ግን እንደ ቅጣት የቆጠሩ ብላቴኖች ይህን ትምህርት ያለ መምህር ተምረዋል። ከእኛ ከራሳችን መልክ ጋር የሚቀራረበውን ተሸናፊ ንቀው፣ ከማይመስለን አሸናፊ ጋር መወገን እንዲህ በቀላሉ የሚገባ ልማድ ነው።

ስለዚህ የእኛ ደራሲያን ወደዚህ ዘርፍ ቢገቡ ደስ ይለናል፤ ሴባስቶፖልን በእንፋሎት ቢያንቀሳቅሱት፣ ከእንጦጦ ጫፍ የአየር መርከብ ቢያስነሡ የሚከለክላቸው የለም። እንዲያውም መልካም ፈተና ይሆናል። እንፋሎቱ መድፉን ከጎተተ፣ መቶዎቹ ጎታቾች ከገመዱ ተፈተዋል ማለት ነው። ታዲያ ወዴት ይሄዳሉ? ወደ ማሳቸው ይመለሳሉን? በንጉሡ ላይ ይነሣሉን? ወይስ አዲሱን መሣሪያ የሚቀልብ እንጨት እንዲቆርጡ ሌላ ገመድ ይጠብቃቸዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ መጽሐፍ የማሽኑን ውበት ሲያሳየን የሰውንም ዋጋ ያሳየናል። ጥያቄዎቹን የሚዘልል መጽሐፍ ግን የቱንም ያህል ሕዝብ ቢያሰልፍ፣ የቱንም ያህል ጢስ ቢያጨስ፣ ከተዋንያን ዝርዝር ግርጌ ያለችውን ያችን አንዲት መስመር ከማርዘም አያልፍም።