ስለማያርፍ ሥራና ስለሚያርፍ ሰው

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ራውንድ ዘ ክሎክ» የሚባል አነጋገር አለ። ቃል በቃል ሲፈታ «በሰዓቱ ዙሪያ» ማለት ነው፤ ምሥጢሩ ግን ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ ማለት ነው። የሰዓቱ ቆጣሪ ከተነሣበት ቁጥር ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ያልተቋረጠ ሥራ በዚህ ቃል ይነገርለታል። ከዚህም በኋላ አሜሪካኖች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት «ትዌንቲ ፎር ሰቨን»፣ ይኸውም «ሃያ አራት ሰባት» የሚለውን አጭር ቃል አስለመዱ፤ ትርጓሜውም በቀን 24 ሰዓት፣ በሳምንት 7 ቀን ማለት ነው። እነዚህ ቃላት ዛሬ በሐኪም ቤት ደጃፍና በሱቅ መስኮት ተጽፈው ይታያሉ። ትልቁ ነገር ግን ቃሉ ከቤት ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ሰው መዛወሩ ነው። አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ጸሐፊ «እኔ ሃያ አራት ሰባት እሠራለሁ» ቢል፣ የሚሰማው ሰው ያደንቀዋል እንጂ አያዝንለትም። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው፣ ለቤት የተነገረው ምስጋና ለሰውም ሊነገር ይገባልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

እንግሊዞች ይህንኑ የሰዓት ዙር ለእንቅልፍም ይናገሩበታል። ከብዙ ድካም በኋላ 12 ሰዓት ሙሉ የተኛውን ሰው፣ ሰዓቱን አዙሮ ተኛ ይሉታል፤ በሰዓት ፊት ላይ ያለው ቁጥር 12 ብቻ ስለ ሆነ፣ ቆጣሪው በአንድ መዓልትና ሌሊት ሁለት ጊዜ ይዞራልና። የኢትዮጵያ ሰው ሰዓትን ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ ስለሚቈጥር፣ ይህን ለማስተዋል አይቸግረውም። አንዱ ዙር የመዓልት ነው፤ ሁለተኛው ዙር የሌሊት ነው፤ አንዱ ለድካም፣ ሁለተኛው ለዕረፍት ተሰጥቷል። ሁለቱንም ዙር ከአንድ ሰው ለሥራ የሚጠይቅ ቢኖር፣ የሁለት ሰው ጕልበት መጠየቁ ነው።

ይህን የቀደሙት የፋብሪካ ባለቤቶች እንኳ ያውቁት ነበር። ሪቻርድ አርክራይት በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ክሮምፎርድ በሚባል ስፍራ በውሃ ኀይል የሚዞር የጥጥ መፍተያ አቆመ። ውሃው ሌሊትም ይወርዳልና መኪናው ሌሊትም ይሠራ ጀመር። ሠራተኞቹ ግን በሁለት ፈረቃ ተከፍለው አንዱ ወገን 12 ሰዓት ሲሠራ ሁለተኛው ያርፍ ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ከብዙ ዓመትና ከብዙ ክርክር በኋላ የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1833 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው በፈትልና በሽመና ፋብሪካ ሌሊት እንዳይሠራ ከለከለ። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር አጭር ነው፤ መኪና ሌሊቱን ሁሉ ሊዞር ይችላል፤ ልጅ ግን ሊተኛ ይገባዋል።

ደግሞም ሥራ ያለማቋረጥ መሠራቱ ብቻውን መልካም አያሰኘውም። በ1943 ዓ.ም. እንግሊዞች በሌሊት፣ አሜሪካኖች በቀን እየተፈራረቁ የጀርመንን አገር በአውሮፕላን ሲደበድቡ፣ ይህም ውጊያ «ራውንድ ዘ ክሎክ» ተባለ። በሽተኛን ሌሊቱን ሁሉ የምትጠብቅ አስታማሚና በከተማ ላይ እሳት የሚያዘንብ ሠራዊት በአንድ ቃል ተነገረላቸው። ቃሉ የሥራውን ርዝመት እንጂ የሥራውን ምክንያት አይናገርም።

ዳሩ ግን ቤተ ክርስቲያንም የማይቋረጥ ሥራ አላት። በዮሐንስ ራእይ እንደ ተጻፈ አርባዕቱ እንስሳ ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት ያመሰግናሉ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ምእመናን ሳያቋርጡ እንዲጸልዩ አዝዟል። ታዲያ ሥጋ የለበሰ ሰው ይህን እንዴት አድርጎ ይፈጽመዋል? በ5ኛው መቶ ዓመት በቁስጥንጥንያ እስክንድሮስ የሚባል መነኩሴ ገዳም መሥርቶ፣ ምስጋናው ቀንና ሌሊት እንዳይቋረጥ ሥርዓት ሠራ፤ ስለዚህም የገዳሙ መነኮሳት «የማያንቀላፉ» ተባሉ። በኋላ ዘመን በሃይማኖት ትምህርታቸው ቢነቀፉም፣ ከሥርዓታቸው የሚገኝ ምክር አለ። በማኅበር ተከፍለው አንዱ ሲደክም ሁለተኛው ይተካው ነበርና፣ ስማቸው የማያንቀላፉ ይባል እንጂ እያንዳንዱ ይተኛ ነበር፤ ያላንቀላፋው ምስጋናው ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ማኅሌት ሲቆም፣ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ሆነው እየተቀባበሉ ያድራሉ፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሁለተኛው ትንፋሹን ይሰበስባል፤ እንዲህም እየተረዳዱ ሌሊቱ ይነጋል።

ምናልባት፣ ጳውሎስ ራሱ ሌሊትና ቀን ይሠራ እንደ ነበር ለተሰሎንቄ ሰዎች ጽፎ የለምን? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጽፏል። ነገር ግን ምክንያቱንም ጨምሮ ጽፏል፤ ይኸውም በማንም ላይ እንዳይከብድ ነው። መመዘኛው በዚህ ይገኛል። የራሱን ዕረፍት ቀንሶ የሌላውን ሸክም የሚያቀል ሰው ሐዋርያውን ይከተላል። የሌላውን ዕረፍት ወስዶ የራሱን ትርፍ የሚያበዛ ግን የሚከተለው ፈርዖንን ነው፤ እስራኤል ለአምላካቸው ሊሠዉ ፈቃድ በጠየቁ ጊዜ፣ ፈርዖን ስለ ስንፍና ሰድቦ፣ ጭዱን ከልክሎ የጡቡ ቍጥር እንዳይጐድል አዝዟልና። ስለዚህ ኦሪት ዘዳግም ሰንበትን ስታዝ፣ ባሪያውና ገረዲቱ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ፣ በሬውና አህያውም እንዳይቀሩ ተናገረች፤ እስራኤልም በግብፅ ባሮች እንደ ነበሩ በዚያው አሳሰበቻቸው።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ ይኸውም ማንም ሳያስገድደው በራሱ ላይ ፈርዖን የሆነው ነው። ይህ ሰው ማንንም አልበደልሁም ይላል። ዳሩ ግን ከጠረጴዛው የማይነሣባቸውን ሰዓቶች ዋጋ የሚከፍሉለት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፤ በእርሱ ላይ የማይጻፍ ዕዳ በእነርሱ ላይ ይጻፋል።

ሳይተኛና ሳያንቀላፋ የሚጠብቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሰው ማታ ሥራውን አስቀምጦ መተኛቱ፣ ሌሊቱ ሌላ ጠባቂ እንዳለው ማመኑ ነው። ስለዚህ በእኩለ ሌሊት የሐኪም ቤት ወይም የመድኃኒት ቤት በር ክፍት ሆኖ ያገኘ ሰው ቤቱን ቢያመሰግን አልተሳሳተም፤ በውስጥ ቆሞ የሚያገለግለውን ሰው ግን፣ ተተኪው መቼ እንደሚመጣ ሊጠይቀው ይገባል።