የሣር ሥራ ዋጋው ምንድር ነው?



የክረምቱ ዝናም አባርቶ መስከረም ሲጠባ፥ የደጋው አገራችን ሜዳና ተራራ የዐደይ አበባን ቢጫ ይለብሳል። በዚያ ወራት ሴቶችና ልጃገረዶች ወደ መስክ ወጥተው ስንደዶ ይነቅላሉ፤ አክርማም ያጭዳሉ። ይህ ሣር የሰውን ፈቃድ አይጠብቅም፤ ሰው ግን የእርሱን ጊዜ ይጠብቃል። ወራቱ ያመለጣት ሴት የሚመጣውን ዓመት መታገሥ ግድ ይሆንባታል።

የተሰበሰበው ሣር ይደርቃል፤ ከፊሉም በቀለም ይነከራል። ከዚያ በኋላ ሴቲቱ ጥቂቱን በአንድነት ይዛ፥ በወስፌ እየወጋች፥ በሌላው ሣር እየጠቀለለች፥ ዙር በዙር ላይ ትሰፋለች። ሰፌዱም፥ ሙዳዩም፥ አገልግሉም፥ መሶቡም የሚወጣው ከዚሁ ነው። ጌጡን በወረቀት አትነድፈውም፤ ቁጥሩን በልቧ ይዛዋለች። ከወፍጮ፥ ከውኃና ከልጆች በተረፈችው ሰዓት ስለምትሰፋ፥ አንድ ትልቅ መሶብ ብዙ ወራት ይፈጅባታል። በሐረር ከተማም ሴቶች የሰፉት ስፌት በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቤት ክብር ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ ጥያቄአችን ይህ ነው፤ ሣሩን እግዚአብሔር በነጻ ካበቀለው፥ ከሣር ለተሠራው ነገር የምንከፍለው ስለ ምንድር ነው?

ይህን የምንጠይቀው በራሳችን ላይ ስለ ደረሰ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀን ገበያ ወርደን ከአንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ፊት ቆምን። መሶባቸው እጅግ ያማረ ነበር፤ ልባችንም ወደደው። ዋጋውን ሲነግሩን ግን፥ «እናቴ፥ ሣር አይደለምን? ይህን ያህል ለሣር?» አልናቸው። እርሳቸውም ቀና ብለው፥ «ጌታው፥ ሣሩንማ ከፈለጉ ሜዳው ሙሉ ነው፤ ወርደው ይንቀሉ» አሉን። በዙሪያ የነበሩት ሳቁ። ቢሆንም ቀኑ መሽቶባቸው ነበርና በመጨረሻ እኛ ባልነው ዋጋ ሰጡን። እኛም ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ገባን፤ የገዛነውንም ለጎረቤት አሳየን።

በምሳሌ 20፥14 ስለ እንዲህ ያለው ገዢ ተጽፎአል፤ በሻጩ ፊት ዕቃውን ያጣጥላል፥ ከሄደ በኋላ ግን ይመካበታል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ ስለ እኛ መሆኑን ያወቅነው ግን በዚያ መሶብ ላይ እንጀራ ቀርቦ ልናመሰግን እጃችንን ስንዘረጋ ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «በዋጋ መከራከር ኀጢአት ነውን?» ይለን ይሆናል። አይደለም። ገዢውም ድኻ ሊሆን ይችላል፤ ኪሱ የማይችለውን ቢናገር እውነትን ተናገረ። እኛ ግን «አቅም የለንም» አላልንም፤ «ሥራሽ ሣር ነው» አልን እንጂ። የመጀመሪያው ስለ ገዢው ኪስ ይናገራል፤ ሁለተኛው ግን የሠራተኛዋን ወራት፥ ዐይንና ጣት እንዳልነበረ ያደርጋል። ልዩነቱ በዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ፥ «እንጀራ ለመያዝ ጌጥ ምን ያደርጋል? ከንቱ ውበት ነው» ይላል። እንዲህ ለሚለው ወንድም፥ ጌታችን በማቴዎስ 6 ስለ ሜዳ ሣር ያስተማረውን እንዲያስብ እንመክረዋለን። ነገ ወደ እሳት የሚጣለውን ሣር እንኳ እግዚአብሔር ከሰሎሞን ልብስ አብልጦ ካስጌጠው፥ ውበትን ከንቱ ያለው ማን ነው? በዘጸአት 31 ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ለእጅ ሥራ ነበር። በምዕራፍ 35ም ጥበበኞች ሴቶች የፍየል ጠጕር ፈተሉ፤ ለማደሪያውም የመጣው እንጨት ከምድረ በዳ የሚገኘው ግራር ነበር። ዕቃው ተራ ነበረ፤ ሥራው ግን ተከብሮ ተጻፈ።

ማርቲን ሉተርም በ1520 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለጀርመን መኳንንት በጻፈው መጽሐፍ፥ ጫማ ሰፊው፥ ቀጥቃጩና ገበሬው በየሥራቸው ሌላውን ለማገልገል የተለዩ መሆናቸውን አስተምሮአል። ጫማ የሚሰፋው እንዲህ ከተከበረ፥ መሶብ የምትሰፋውን ስለ ምን እናቃልላለን?

ዛሬ የፕላስቲክ ዕቃ በየገበያው ሞልቶአል፤ እርሱ መስከረምን አይጠብቅም፥ ዋጋውም ርካሽ ነው። እርሱን መግዛት በደል አይደለም። ነገር ግን በፕላስቲኩ ዋጋ የሴቲቱን ወራት ብንለካ፥ ልጆቿ ወስፌውን ይጥሉታል፤ ስንደዶውም በሜዳ ደርቆ ይቀራል። ያን ጊዜ ሣሩ በእውነት ሣር ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ፥ ወገኖች ሆይ፥ ለጥያቄአችን የምናገኘው መልስ ይህ ነው። ሣሩ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ለእርሱ ማንም ዋጋ አይከፍልም። የምንከፍለው በሣሩ ላይ ስለ ዋለው የሰው ዕድሜ ነው። በነጻ የተሰጠውን ምክንያት አድርገን የደከመችውን ብንነጥቅ፥ ሰጪውንም ሠራተኛዋንም አሳዘንን። መግዛት ባንችል እንኳ «እጅሽ ይባረክ» ማለት አያቅተንም።

ያችን እናት በሌላ ቅዳሜ ፈለግናቸው፤ አላገኘናቸውም። መሶቡ ግን እስከ ዛሬ በቤታችን አለ፤ እንጀራም በቀረበበት ቍጥር የቀረብንን ዕዳ ያሳስበናል። ጌታ በሌላው ድካም ላይ የቀለለውን አንደበታችንን ይግራልን። አሜን።