እኅትን መምረጥ ይገባልን?

የሥጋ እኅት ትወለዳለች እንጂ አትመረጥም። የማኅበር እኅት ግን በፈቃድ የምትያዝ ናት። ከሁለቱ በማንኛዪቱ ዘንድ ያለብን ዕዳ ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ለአንባቢ ከንቱ ነገር ሊመስለው ይችላል፤ በእኛ ከተማ ግን ጥያቄው በየዓመቱ ይታደሳል። ወደ ሆሳዕና፥ ወደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፥ በዱራሜም ወዳለው ግቢው የመንግሥት ምደባ ከሩቅ አገር ያመጣቸው ልጃገረዶች ይገባሉ። በመኝታ ቤቱ ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ የሌላት ልጅ አስቀድማ «እኅቴ» ያለቻትን ትከተላለች። መጠሪያው ሃይማኖት ቢሆን፥ ቋንቋ ቢሆን፥ ወይም የአገር ልጅነት፥ ብዙም ሳትቆይ ማኅበርተኛ ትሆናለች፤ መዋጮ ታወጣለች፥ የታመመችውን ታስታምማለች፥ ከስብሰባ የቀረች እንደ ሆነ መቀጫ ትከፍላለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን «ከእኛ ውጭ ካለችው ጋር አትወዳጂ» የተባለች እንደ ሆነ፥ የገባችው ወደ እኅትነት ነውን ወይስ ወደ አጥር?

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። ዶክቶር መላኩ በያን በ1935 (ዘመኑ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) የሕክምና ትምህርታቸውን በፈጸሙበት፥ በዋሽንግተን ባለው በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ፥ ጥቁሮች ሴቶች ተማሪዎች በ1908 አልፋ ካፓ አልፋ የሚባለውን የእኅትማማቾች ማኅበር አቆሙ። በ1913 ከአባላቱ 22ቱ ተለይተው ዴልታ ሲግማ ቴታ የሚባለውን መሠረቱ፤ ሁለት ወር ሳይሞላም ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው በዋሽንግተኑ ሰልፍ ወጡ። እነዚህ ልጆች ማኅበራቸውን ከደጃፋቸው ውጭ ላለችው ሴት አውለውታልና ያስመሰግናቸዋል።

እያደር ግን በእንዲህ ያሉት ማኅበሮች የሙከራ ጊዜ የሚሉት ነገር ገነነ። አዲሲቱ ልጅ ትታዘዛለች፥ ትዋረዳለች፥ አንዳንድ ጊዜም ትደበደባለች፤ የሆነባትንም ለውጭ ሰው አትናገርም። ጉዳቱ ስለ በዛ የጥቁሮች ተማሪዎች ማኅበሮች በ1990 ተስማምተው ሥርዓቱን አስቀሩት፤ ሆኖም በስውር መፈጸሙ አልቆመም። ውርደትን አብረው የተቀበሉ አብረው ይፋቀራሉ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይህ እርስ በርስ መያዣ መሆን እንጂ ፍቅር አይመስለኝም፤ ባለ ዕዳና ባለ መያዣም ሲፋቀሩ አላየሁም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በሐድያ ሴቶች ዘንድ ዊጆ የሚባል ማኅበር አለ። የአንዲት ላም ወተት ለመናጥ አይበቃምና፥ ሴቶቹ ያላቸውን እየሰፈሩ በየተራ ለአንዲቱ ያስረክባሉ፤ ተራዋ የደረሰ ሴት ብዙውን በአንድ ጊዜ ታገኛለች። ከዚህ የተሻለ የእኅትነት ትምህርት ቤት አላውቅም፤ መስፈሪያው ለሁሉ አንድ ነውና። ነገር ግን ላም የሌላት ጎረቤት በምን ትገባለች? መዋጮ የሌላት ተማሪስ?

እዚህ ላይ ሴራ የሚለው ቃል ትዝ ይለኛል። በአማርኛ ሴራ የተንኮል ምክር ነው፤ በሐድያና በከምባታ ግን የሕዝብ መተዳደሪያ ሥርዓት ማለት ነው። (ቋንቋውን ያልለመደ እንግዳ «ሴራ አለን» ሲሉት መደንገጡ አይቀርም።) ይህ ሴራ ለቀብርም ሆነ ቤት ለመሥራት የሰፈሩን ሰው ይጠራል፤ የሚይዘውም ወዳጅን ከወዳጅ መርጦ ሳይሆን በአንድ ቀዬ ስለሚኖሩ ነው። የተማሪዎች ማኅበር በሁለቱም ትርጓሜ ሴራ ሊሆን ይችላል። በአንድ ክፍል አራት ወይም ስድስት ሆነው የሚያድሩ ልጆች ጎረቤታሞች ናቸው፤ አልጋቸውንም የደለደለላቸው ጽሕፈት ቤቱ እንጂ ምርጫቸው አይደለም።

እንግዲህ ማኅበርተኛ ያልሆነች አንዲት ልጅ በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ፥ ጊዜውም የማኅበሩ ስብሰባ ይሁን። የአልጋ ጎረቤቷ ከስብሰባው ቀርታ ውኃ ስታቀርብላት ታመሻለች። በሚቀጥለው ጊዜ የመቅረቷ መቀጫ ይጠየቃል፤ ጥቂት ብር ነው። ገንዘብ ያዢዋ መዝገቧን ገልጣ ስሟን ስትጠራ፥ ማኅበሩ ያን ብር ይቀበል እንደ ሆነ ማየት እወዳለሁ።